ማዘርቦርድ ከቀየርኩ ወዲህ ከሲዲ የምገለብጠው ሙዚቃ ይንጣጣል

ጥያቄ፦ የድሮው ሲዲ ማንበቢያዬ አዲሱ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ መሰኪያ ስለሌለው በዩኤስቢ መለወጫ አገናኘሁት። አሁን የምገለብጠው ዘፈን ሁሉ መሃሉ ላይ ጠጭ ጠጭ ይላል። ሲዲዎቹ ጭረት የላቸውም፤ በማጫወቻ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ሌላ ቅጂ የማላገኝላቸው ናቸውና እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ እኔ የምጠረጥረው መለወጫውን ነው። የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ 75 ክፍል ይነበባል፤ ክፍሎቹ ግን እንደ ዳታ ሲዲ ትክክለኛ አድራሻ የላቸውም። ስለዚህ ፍሰቱ ለአፍታ ከተቋረጠ ማንበቢያው ካቆመበት ነጥብ ላይቀጥል ይችላል፤ የሚንጣጣውም መጋጠሚያው ነው። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካው፤ የንባቡንም ፍጥነት ወደ 4x (ከተለመደው የማጫወቻ ፍጥነት 4 እጥፍ) አውርደው።

ሌላ መልስ፦ ዘላቂው መፍትሔ ማዘርቦርዱ ላይ ሳታ በሚባለው መሰኪያ በቀጥታ የሚሰካ ማንበቢያ ነው። ስትቀይር በመገልበጫው ፕሮግራም ውስጥ የንባብ ማካካሻውን ቁጥር (ማንበቢያው ከትክክለኛው ነጥብ ምን ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደሚጀምር የሚያርመውን) አስተካክል፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ጠያቂው፦ ከጀርባ ሰክቼ ፍጥነቱን ስቀንስ መንጣጣቱ ጠፋ! አንዱን ዘፈን ደግሜ ገልብጬ ሳነጻጽር ፋይሎቹ ፍጹም አንድ ናቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።