«ኮማ»ን በአማርኛ ምን ብዬ ልፍታው?

ለጤና ተማሪዎች አነስተኛ የቃላት መፍቻ እያዘጋጀሁ ነው። «ኮማ» ላይ ስደርስ ግን እንቢ አለኝ።

በፊደላችን ስንጽፋቸው ሦስት የተለያዩ የግሪክ ቃላት አንድ ይመስላሉ። የሕክምናው ኮማ «ጥልቅ እንቅልፍ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። የጅራታም ኮከብን እምብርት የሚከበው የጋዝና የአቧራ ደመናም ኮማ ይባላል፤ የእሱ ምንጭ ግን «ፀጉር» ነው። ሥርዓተ ነጥቡ ደግሞ «ቁራጭ» ከሚለው ይመጣል። እነዚህን ለየብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።

የከበደኝ የሕክምናው ፍቺ ነው። መጀመሪያ «ጥልቅ እንቅልፍ» አልኩት። የተኛ ሰው ግን ሲጠሩት ወይም ሲቆነጥጡት ይነቃል፤ ኮማ ውስጥ ያለው ዓይኑን አይገልጥም። «ራስን መሳት» ብዬ ቀየርኩት። ይህ ደግሞ ለአፍታ ወድቆ ለሚነሳም ይባላል። «ሰመመን» ስል ያነበቡልኝ ሰዎች የቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ መሰላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 የወጣው፣ የሕመምተኛን የንቃት ደረጃ የሚለካው የግላስጎው መለኪያ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል፤ 8 እና ከዚያ በታች ብዙውን ጊዜ እንደ ኮማ ይቆጠራል። ለሐኪም ጥሩ ነው፤ ፍቺ ግን አይሆንም።

እናንተ ብትሆኑ ኮማን ከእንቅልፍም፣ ራስን ከመሳትም፣ ከሰመመንም የሚለይ አጭር የአማርኛ ፍቺ ምን ብላችሁ ትጽፉ ነበር?