ብረቱና መጻፊያው ለምን ሁለቱም «እርሳስ» ተባሉ?

ጥያቄ (የኬሚስትሪ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ)

የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሳስተምር፣ የአቶሚክ ቁጥሩ 82፣ ምልክቱም «ፒቢ» የሆነውን መርዛማ ብረት በአማርኛ «እርሳስ» እንደምንለው ስነግራቸው፣ አንዲት ተማሪ በልጅነቷ የእርሳስ ጫፍ ታኝክ እንደነበር አስታውሳ፣ መርዝ ገብቶባት እንደሆነ በጭንቀት ጠየቀችኝ። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት፣ ማለትም ካርቦን መሆኑን ነግሬ አረጋግቻታለሁ። ሆኖም ሁለቱ እንዴት አንድ ስም እንደያዙና ሌሎች ቋንቋዎች ምን እንደሚሏቸው በቅጡ ላስረዳት ስለምፈልግ፣ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ለክፍሉ በሙሉ ይጠቅማል።

ምላሽ 1 (ሰበታ)

መምህር፣ ስሙ ወደ እኛ የመጣው ከዓረብኛ ነው። ዓረቦች ብረቱንም ከእሱ የሚሠራውንም ጥይት «ረሷስ» ይላሉ፤ መጻፊያውን ደግሞ «ቀለም ረሷስ»፣ ማለትም የእርሳስ ብዕር ብለው ይለዩታል። በአማርኛ ግን «ብዕር» የሚለው ስለሌለበት አንዱ ስም ሁለቱንም ተሸክሟል። በእኛ አካባቢ በሚነገረው አፋን ኦሮሞ «ራሳሳ» ሲባል የሚታሰበው ጥይቱ ነው። የግዕዙ ስም «ዐረር» ሲሆን፣ በዘጸአት 15፥10 የፈርዖን ሠራዊት በባሕር ውስጥ እንደ ዓረር መስጠሙ የተነገረው በዚህ ስም ነው፤ ዛሬ ግን አማርኛ ተናጋሪ «አረር» ሲል ከብረቱ ይልቅ ጥይቱን ያስባል። ጠመንጃ በየቋንቋው የዚህን ብረት ስም ወደ ራሱ ስቦታል ማለት ይቻላል።

የመጻፊያው ስህተት ግን የተጀመረው በአውሮፓ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ቦሮውዴል በሚባል ስፍራ ንጹሕ ግራፋይት ሲገኝ፣ ጥቁር ምልክት ስለሚተው የእርሳስ ዓይነት ተደርጎ ተቆጠረ። ኬሚስቱ ሼለ ካርቦን መሆኑን ያሳየው በ1779፣ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ቬርነር «ግራፋይት» የሚለውን ስም ያወጣለትም በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ያን ጊዜ ግን የቀደመው ስም በሕዝብ አፍ ገብቶ ነበር። ጀርመኖች ዛሬም መጻፊያውን «ብላይሽቲፍት» ይሉታል፤ «ብላይ» የብረቱ ስም ነው። ስለዚህ ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ ለበርሊን ልጅም የሚገባ ነው። በእኔ አስተያየት በክፍል ውስጥ ብረቱን «ዓረር» ብለን ብናስለምድ ግርታው ይቀራል።

ምላሽ 2 (ለገጣፎ)

«ፒቢ» የሚለው ምልክት የመጣው ከላቲኑ «ፕሉምቡም» ነው። ሮማውያን የውሃ ቧንቧ ከእርሳስ ይሠሩ ስለነበር፣ እንግሊዞች የቧንቧ ሠራተኛን «ፕላምበር» ይሉታል። ጣሊያኖች ብረቱን «ፒዮምቦ» ሲሉ፣ በየሰፈራችን ግንበኛው ግድግዳ የሚያስተካክልበትን ቱንቢም በዚሁ ስም «ፊሎ አ ፒዮምቦ» ብለው ይጠሩታል። ሮማውያን ቲን የተባለውን ብረት «ነጭ ፕሉምቡም»፣ እርሳስን ደግሞ «ጥቁር ፕሉምቡም» ይሉ ነበር። ግሪኮች እርሳስን የሚጠሩበት «ሞሊብዶስ» ደግሞ ዛሬ ሞሊብዴነም ለተባለው ለሌላ ብረት ስም መነሻ ሆኗል። ብረቶችን በስም ማደባለቅ የአማርኛ ችግር ብቻ አይደለም።

ምላሽ 3 (የባትሪ ጥገና ባለሙያ፣ ቃሊቲ)

መምህር፣ ስለ ስሙ የተጻፈውን በደስታ አነበብኩት፤ «ዓረር» በሚለው ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም በእኛ የሥራ ቦታ እንዲህ ቢባል የሚረዳ ሰው የለም፤ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሰው በሚያውቀው ስም መነገር አለበት። መርዛማው እርሳስ ያለው በመኪና ባትሪ ውስጥ ነው። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የከሰል እሳት ይበቃዋል፤ በዚህም የተነሳ ከቁራሌው የተገዛ አሮጌ ባትሪ ሰብሮ በግቢው የሚያቀልጥ ሰው አለ። ጢሱና አቧራው ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ስለዚህ አንዱን «የባትሪ እርሳስ»፣ ሌላውን «የመጻፊያ እርሳስ» ብለው ቢያስተምሩልን እመርጣለሁ።

ጠያቂው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በክፍል ውስጥ «የባትሪ እርሳስ» እላለሁ፤ «ዐረር» የሚለውንም ከታሪኩ ጋር አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ጋራዥና ቁራሌው በሚበዙባቸው ሰፈሮች ስለሚኖሩ፣ የቃሊቲው ባለሙያ የጻፉትን በሚቀጥለው ትምህርት አነብላቸዋለሁ።