ዲሽዋሸሩ ውኃውን አላስወጣ አለ፤ ነገ ክርስትና አለብን

እመ ሕፃን (ቨርጂኒያ)፣ ቅዳሜ ማታ 2:10
ጤና ይስጥልኝ። ዲሽዋሸራችን ዛሬ ዕቃውን አጥቦ ውኃውን ሳያስወጣ ቆሟል። በሩን ስከፍተው አራት ጣት ያህል ከፍታ ያለው፣ ቅባት የተንሳፈፈበት ጥቁር ውኃ ተኝቶ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ ደግሜ ባስነሣውም ውኃው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ነገ የልጃችን ክርስትና ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ 40 የሚጠጋ እንግዳ ይመጣል፤ የዶሮው ድስትና ሊጥ የተቦካበት ባልዲ እንኳ ሳይታጠቡ ተቆልለዋል። ፓምፑ ተቃጥሏል። በዚህ ሰዓት ፓምፕ የት እንደሚገኝና ራሴ ልቀይረው እችል እንደ ሆነ የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ ንገሩኝ።

ካቻቢቴ በእጄ (ሜሪላንድ)፣ 2:18
እንኳን ደስ አላችሁ። ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይንገሩን። ማሽኑ ውኃ በሚያስወጣበት ሰዓት ያጉረመርማል ወይስ ጭራሽ ዝም ይላል? ሰሌዳው ላይ የሚታይ ፊደል ወይም ቁጥር አለ? ሞዴሉስ ምንድን ነው? በሩን ሲከፍቱ ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ያገኙታል። ለምሳሌ ቦሽ ላይ ኢ24፣ ኤልጂ ላይ ደግሞ ኦኢ የሚለው ምልክት ውኃው አልወጣም ማለት ነው እንጂ ፓምፑ ሞቷል ማለት አይደለም። እኔ እስካየሁት ድረስ ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ መንገዱ የተዘጋበት ማሽን ይበዛል።

ነባሩ (ዴንቨር)፣ 2:25
ችግሩ ከማሽኑ ሳይሆን ከአጠቃቀማችን ነው። የእኛ ሰው የወጡን ድስት ከነቅባቱ ይከትበታል። ንጥር ቅቤ በሙቅ ውኃ ቀልጦ ከማሽኑ ቢወጣም፣ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በላዩ ላይ ቁሌቱና በርበሬው ሲጣበቅበት ደግሞ ቱቦው እየጠበበ ይሄዳል። የጤፍ ሊጥማ የባሰ ነው። ሲደፉት ውኃ ይመስላል፤ ከገንዳው ሥር ባለው ጥምዝ ቧንቧ ውስጥ ሲዘቅጥ ግን ጭቃ ይሆናል። እኔ በ22 ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ አንድም ቀን ድስት በማሽን አላጠብሁም።

ሳቂታው (ዳላስ)፣ 2:27
ጋሼ ነባሩ፣ በእነዚያ 22 ዓመታት ድስቱን ማን ሲያጥበው እንደ ኖረ እትዬን ብንጠይቃቸው ሌላ ታሪክ እንሰማ ይሆናል። ለእኅታችን ምክሬ አጭር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ 40 እንግዳ ማለት 80 እጅ ማለት ስለሆነ ሁሉም የበላበትን ሳህን አጥቦ ይሂድ።

የወጥ ቤት ሰው (ሲያትል)፣ 2:31
እኔም ደርሶብኝ ስለነበር ያደረግሁትን ልንገርዎ። በመጀመሪያ ውኃውን በኩባያና በስፖንጅ ቀድተው ያውጡ። ቀጥሎ የታችኛውን መደርደሪያ አውጥተው፣ ወለሉ ላይ ያለውን ክብ ማጣሪያ ወደ ግራ አዙረው ይንቀሉና በሙቅ ውኃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት። ማጣሪያው የተነሣበት ጉድጓድ ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ሊኖር ስለሚችል ጓንት ሳያደርጉ እጅዎን አይስደዱ። እኔ ያገኘሁት የዶሮ አጥንት ስባሪና ከማሰሮ ላይ የተላቀቀ ወረቀት ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ጥቂት ውኃ ቢቀር ግን አይደንግጡ፤ ጎማው እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ የሚቀር ነው።

እሙዬ (ሚኒሶታ)፣ 2:36
ማጣሪያውን አውጥተሽ እጠቢው የኔ እኅት። ከዚያ አንድ ኩባያ ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ጨምረሽ ለ20 ደቂቃ ተዪው። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው።

ካቻቢቴ በእጄ፣ 2:40
የማጣሪያው ነገር ተነግሯል። ኮምጣጤ ሽታ ያጠፋል፤ የተዘጋ ቱቦ ግን አይከፍትም። ከሁሉ በላይ፣ ቸኩለው ለቧንቧ መክፈቻ የሚሸጠውን ኃይለኛ ኬሚካል ማሽኑ ውስጥ እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ። የማሽኑን ጎማዎች ሊበላ ይችላል፤ ውኃው ካልወጣ ደግሞ ያንኑ ኬሚካል በእጅዎ መቅዳትዎ ነው።

እመ ሕፃን፣ 2:58
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማጣሪያውን አጠብሁት፤ ከሁለት የሽንብራ ፍሬ በቀር ምንም አልነበረበትም። ማሽኑ ማጉረምረሙንስ ያጉረመርማል፤ ውኃው ግን ንቅንቅ አይልም። ሰሌዳ የሚባል የለውም፤ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ነባሩ ስለ ሊጡ ያሉት እኛን አይመለከትም፤ ገንዳው ያለ ችግር ይወርዳል። ከሥሩ ያለው፣ የምግብ ትርፍራፊ የሚፈጨው ዲስፖዛልም ቢሆን ባለፈው ማክሰኞ የባለቤቴ ወንድም የቀየረልን አዲስ ነው። ማሽኑን ከዚያ ወዲህ ያስነሣነው ዛሬ ስለሆነ፣ አራት ቀን ያለ ሥራ መቆሙ ፓምፑን አበላሽቶት ይሆን?

ካቻቢቴ በእጄ፣ 3:05
እኅቴ፣ ይህንን በመጀመሪያው መስመር ቢጽፉልን ኖሮ እሙዬም ኮምጣጤዋን ባላወጣች ነበር።

አዲስ ዲስፖዛል ከፋብሪካ ሲመጣ፣ የዲሽዋሸሩ ቱቦ የሚገጠምበት ትንሽ አፍ ከውስጥ በፕላስቲክ የተደፈነ ነው፤ ዲሽዋሸር የሌለው ሰውም ስለሚገዛው፣ ክፍት ሆኖ ቢሸጥ በዚያ በኩል ውኃ ያፈስበት ነበር። ዲሽዋሸር ያለው ቤት ግን ቱቦውን ከመግጠሙ በፊት ያንን ድፍን ሰብሮ ማውጣት ይኖርበታል። ካልወጣ ፓምፑ በግድግዳ ላይ ሲገፋ ይውላል።

መጀመሪያ የዲሽዋሸሩንም የዲስፖዛሉንም ብሬከር (የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) ያጥፉ። ከገንዳው ሥር ባልዲና ፎጣ አድርገው፣ ቱቦውን ዲስፖዛሉ ላይ የያዘውን የብረት ማሰሪያ በካቻቢቴ አላልተው ቱቦውን ይሳቡ። ውስጡ ያለው ውኃ ይወርዳልና ልብስዎን ይጠብቁ። የቱቦውን ጫፍ አንድ ሰው ባልዲው ውስጥ ይያዝልዎ፤ ከዚያ የዲሽዋሸሩን ብሬከር ብቻ መልሰው፣ ማስነሻውን ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። በብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ሥራውን ሰርዞ ውኃውን ያስወጣል። ባልዲው ውስጥ በኃይል ከተንዠቀዠቀ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ሰዓት የሚገዛ ነገር የለም። ባልዲው ሊሞላ ሲል በሩን ከፈት ቢያደርጉት ይቆማል።

ብሬከሩን እንደ ገና ካጠፉ በኋላ በስልክዎ መብራት የዲስፖዛሉን አፍ ይመልከቱ። የፕላስቲክ ግድግዳ ከታየዎ ካቻቢቴውን ጠርዙ ላይ ደግፈው በመዶሻ ቀስ ብለው ይምቱ። የተሰበረው ቁራጭ ወደ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ ከላይ በገንዳው በኩል በጉጠት ያውጡት እንጂ በእጅዎ አይፈልጉት፤ ትተውት ካስነሡትም ዲስፖዛሉን ይቆልፈዋል። ቱቦውን ሲመልሱ ገንዳው ወደ ተተከለበት ጠረጴዛ ሆድ ከፍ አድርገው ይሰሩት፤ ዝቅ ብሎ ከተንጋለለ የገንዳው እጣቢ ወደ ማሽኑ ይመለሳል።

የሳክራሜንቶው (ካሊፎርኒያ)፣ 3:12
ይቅርታ ይደረግልኝና መደምደሚያው የቸኮለ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ቱቦው በቀጥታ ወደ ዲስፖዛል አይገባም፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ባለው ትንሽ የብረት ቆብ በኩል ያልፋል፤ ሕጉም ይህንን ያስገድዳል። ቆቡ ሥር ቆሻሻ ሲጠራቀም ውኃ አይወጣም። ቆቡን በእጅ ነቅሎ ማጽዳት መዶሻ ከማንሣት ይቀድማል።

ካቻቢቴ በእጄ፣ 3:16
እዚያ ቢሆኑ እስማማ ነበር። ነገር ግን ቆቡ ሲዘጋ ውኃው በራሱ በቆቡ በኩል ገንዳው ላይ ይፈስሳል፤ እርሳቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩንም። እመ ሕፃን፣ ገንዳዎ ላይ ከቧንቧው አጠገብ እንዲህ ያለ ቆብ አለ?

እመ ሕፃን፣ 3:24
ቆብ የለም። የባለቤቴ ወንድም ጋ ደውዬ ስለ ድፍኑ ብጠይቀው፣ ሥራውን በሥርዓት እንደ ሠራና ምንም ዓይነት ድፍን እንዳላየ ነገረኝ። እንዲያውም ትንሽ ቅር ብሎታል።

ካቻቢቴ በእጄ፣ 3:26
ካላየው አላወጣውም ማለት ነው።

ሳቂታው፣ 3:27
ነገ የክርስትናውን ዳቦ የሚቆርሰው እርሱ ከሆነ ነገሩን እስከ ሰኞ ብታቆዩት ይሻላል።

ነባሩ፣ 3:33
ዘመድ ይሁን ሌላ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ቧንቧ መንካት የለበትም። ቢሆንም ይህ የድፍን ነገር እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ፤ የጎረቤቴ ሠራተኛ ረስቶት ቱቦው ተላቅቆ ወለሉን አጥለቅልቆታል። ስለዚህ እኅታችን ማሽኑን ደግመው ደጋግመው ማስነሣቱን ይተዉት።

እመ ሕፃን፣ 3:41
መዶሻ ፍለጋ ወደ ምድር ቤት እየወረድሁ ነው። ሕፃኑ ሳይነቃ ከደረስሁ እሞክረዋለሁ።

የወጥ ቤት ሰው፣ እሑድ 4:15
እንዴት ሆነ? ክርስትናውስ እንዴት ዋለ?

ሳቂታው፣ ሰኞ 1:50
ዝምታው ወይ ተሠርቷል፣ ወይ 40ው እንግዳ አሁንም ገንዳው ዘንድ ተሰልፏል።

ሎሚ ሽታ (አትላንታ)፣ ረቡዕ 2:05
እኔ ደግሞ ይህንን አንብቤ ወዲያው ከገንዳዬ ሥር ገባሁ። ዲስፖዛላችን አሮጌ ስለሆነ ድፍን የለውም፤ ቱቦውን ስነቅለው ግን ጫፉ ላይ አውራ ጣት የምታህል የረጋ ቅቤ ከሽንኩርት ጋር ተደፍና አገኘሁ። በሽቦ ጎርጉሬ፣ በሙቅ ውኃ አጥቤ መለስሁት፤ አሁን በሚገባ ያስወጣል። ቱቦውን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ለመስቀል ግን ማንጠልጠያ አጣሁ። በሚስማር ልያዘው?

ካቻቢቴ በእጄ፣ 2:20
በሚስማር ቱቦውን ይበሱታል። ቱቦውን ሳይወጋ የሚያቅፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይግዙና በአጭር ብሎን ከካቢኔው ግድግዳ ጋር ያያይዙት። ብሎኑ ካቢኔውን በስቶ እንዳያልፍ ርዝመቱን ቀድመው ይለኩ።