«፼፼» ስንት ነው? ከሥሩ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ይላል

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። በአያቴ ዳዊት ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም «፼፼» ተጽፏል። ከሥሩ በራሱ እጅ «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ብሎበታል። ወንድሜ ደምሮ 20,000 ነው ይላል። ምን ሊል ፈልጎ ይሆን?

የሒሳብ መምህር፦ ወንድምህ ተሳስቷል። በግእዝ አኃዝ ከ፼ ፊት የቆመው ያበዛዋል። 20,000 ቢሆን ፪፼ ይጽፍ ነበር፤ ሚሊዮን ፻፼ ነው፤ ፼፼ ደግሞ 100,000,000። ምልክቱን ቀረብ ብለህ እየው፤ ሁለት ፻ ተጣብቀው ነው ፼ የሆኑት፣ መቶ ጊዜ መቶ። ይህ ቁጥር 81 አካፋዮች አሉት። አካፋይ ሁሉ ጥንድ አለው፤ 2 ከ50,000,000፣ 5 ከ20,000,000 ጋር። ብቻውን የሚቀረው 10,000 ነው፤ የእሱ ጥንድ ራሱ ነው። እልፍ ከእልፍ ጋር!

የቆሎ ተማሪ፦ ስሙስ? እኛ በቃል የያዝነው እልፍ 10,000፣ አእላፍ 100,000፣ አእላፋት 1,000,000፣ ትእልፊት 10,000,000፣ ትእልፊታት 100,000,000 ብለን ነው። ስለዚህ ትእልፊታት በለው።

ፊደል ወዳድ፦ የለም ወንድሜ። አእላፍ የእልፍ ብዙ ነው፣ አእላፋት የብዙ ብዙ። ዳንኤል 7፥10 ላይ «እልፍ አእላፋትም በፊቱ ቆመው ነበር» ሲል መላእክቱን በልክ ቆጥሮ ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ የኔታ ፊት ይህን ብትል መቋሚያ ያርፍብህ ነበር። ስሙ ደረጃ ከሌለው ለምን አምስት ስም አስፈለገ?

ከኢየሩሳሌም፦ እዚህ «ኤሌፍ» ሺህ ነው፤ ዐረቡም «አልፍ» ሲል ሺህ ማለቱ ነው። የእኛው ብቻ ዐሥር እጥፍ ሆነ። ኤሌፍ በዕብራይስጥ ከብትም ነውና መነሻው መንጋ ይመስለኛል።

የቆሎ ተማሪ፦ በእኛ ሺህ እንዳልሆነ «ሳኦል ሺህ፥ ዳዊትም እልፍ ገደለ» ይበቃል። እኩል ቢሆን ሳኦል ምን አስቆጣው?

አዲስ አባል፦ እልፍ «አለፈ» ከሚለው አይመጣም? ቆጠራን ያለፈ?

ፊደል ወዳድ፦ አይመጣም! ያኛው በግእዝ «ኀለፈ» ነው፣ በብዙኃኑ ኀ፤ ቁጥሩ በአልፉ አ ነው። አማርኛ ኀን ስለዋጠ ነው የተመሳሰሉት። ተረቱም ያማረው በዚሁ ነው፤ የፊተኛው «እልፍ ሲሉ» እርምጃ ነው፣ የኋለኛው እልፍ ብዛት።

የቆሎ ተማሪ፦ በዚህ እንኳ ተስማማን። የትእልፊታቱን ግን አልለቅም።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ስትከራከሩ ዳዊቱን መልሼ ገለጥኩት። ቀዩ ጽሑፍ ያለው መዝሙር 90 ላይ ነው፣ «ወእልፍ በየማንከ» ከሚለው መስመር ትይዩ። እዚያ ያለው እልፍ ግን አንድ ነው። አያቴ ሁለተኛውን ከየት አመጣው?