ፎርኬ ታጠፈ፤ ከነዚህ ሁለቱ የቱ ይገጥምልኛል?

ጠያቂ፦ ሰላም የባሕር ዳር ሳይክለኞች። የኔ 26 ቁጥር ማውንቴን ነው። ከዓባይ ማዶ ወደ ከተማ ስመጣ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁና ፎርኩ (የፊት ጎማውን በሁለት እግር የሚይዘው) ወደ ኋላ ታጠፈ፤ አሁን ጎማው ፍሬሙን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ያገለገሉ ፎርኮች አይቻለሁ። የአንዱ አንገት (ወደ ፍሬሙ የሚገባው ቱቦ) ጫፉ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፣ የሌላው ልሙጥ ነው። የቱን ልግዛ? ሥራ የምመላለሰው በሱ ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ለምን ትገዛለህ ወንድሜ? በያጅ ጋ ውሰደው፣ በእሳት አሙቆ ያቃናልሃል። ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ጋሽ መካኒክ፦ ልጄ፣ ይሄን እንዳትሰማ። አንዴ የታጠፈ ብረት ሲመለስ ይደክማል፣ በእሳት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ይቆይና አንድ ቀን ባጃጅ ከኋላህ እያለ ፎርኩ ቁርጥ ይላል፣ ያኔ በፊትህ ነው የምትደፋው። ከመግዛትህ በፊት ፍሬሙንም እይ። የላይኛውና የታችኛው ቱቦ ከፊተኛው አጭር ቱቦ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በጣትህ ዳብሰው። እብጠት ወይም የተሰነጠቀ ቀለም ካገኘህ ፍሬሙም ተጎድቷልና ለፎርክ ገንዘብ አታውጣ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ የመሪው ግንድ (መሪውን ከፎርኩ አንገት ጋር የሚያያይዘው) ወደ አንገቱ ውስጥ የሚገባና ከላይ ትልልቅ ዳዶ ያለው ከሆነ ያንተ ባለጥርሱ ነው። ግንዱ አንገቱን ከውጭ አቅፎ በጎን ቡሎን የሚጠብቅ ከሆነ ልሙጡ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፣ ግን ኩሽኔታውንም ግንዱንም አብረህ ትገዛለህ። የአንገቱን ውፍረት በካሊፐር ለካ፤ አብዛኛው ወይ 25.4 ወይ 28.6 ሚሊ ሜትር ነው።

የጣና ዳር ልጅ (ሴት ነኝ)፦ ፍሬኑንስ? ያንተ ጎማውን በጎንና ጎን የሚይዝ ከሆነ አዲሱ ፎርክ ላይ ሁለቱ መትከያዎች መኖር አለባቸው፣ ዲስክ ከሆነ ደግሞ በግራው እግር ላይ ማሰሪያ። የእግሩንም ርዝመት አስተያይ። በጣም ከረዘመ ፊቱ ቀና ይልና መሪው ይከብድሃል።

ጠያቂ፦ ፈትቼ አየሁት። ፍሬሙ ደህና ነው። የኔም የገበያውም ልሙጥ 28.6 ናቸው፣ ፍሬኑም ይሄዳል። ግን የአዲሱ አንገት 3 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ከታች ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀለበትም የለውም።

ጋሽ መካኒክ፦ በል ግዛው። ቀለበቱን ከአሮጌው አውጣ፤ በግራና በቀኝ እያፈራረቅህ ቀስ ብለህ ምታው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከመታኸው ይጣመማል። በአዲሱ ላይ ደግሞ ልኩ የሆነ የቧንቧ ቁራጭ ደርበህ እስከ ታች አስገባው። ኩሽኔታውን ግራሶ ቀባው፣ የላዩንና የታቹን አቀማመጥ እንዳታገላብጥ።

አንገቱን ለመቁረጥ አትቸኩል። መጀመሪያ ሁሉንም ግጠምና ግንዱ የሚያልቅበትን ምልክት አድርግ፣ ከዛ ከምልክቱ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለህ ቁረጥ። ሞርሳ ላይ አስረህ በብረት መጋዝ ቀጥ አድርገህ፣ ከዛ በሞረድ። ያጠረ አንገት አይቀጠልም! የላይኛው ቡሎን ሥራው ውልቅልቁን ማጥፋት ብቻ ነው፣ በኃይል አታጥብቀው። ግንዱን የሚይዙት የጎኖቹ ናቸው፣ እነሱን በመጨረሻ እያፈራረቅህ አጥብቅ።

የጣና ዳር ልጅ፦ ሲያልቅ የፊት ፍሬን ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቀው፣ ሌላውን እጅህን ኩሽኔታው ላይ አድርግ። ኳ ኳ ካለ ገና ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንሽ ነድተህ ደግመህ እየው።