ዩኒየን የኮንትራክተሬን ፔይሮል (የደሞዝ መዝገብ) ማየት ይችላል?

ሽቦው፦
ሰላም ቤቶች። ዲሲ ውስጥ የፌዴራል ሕንጻ እድሳት ላይ ነው የምሰራው። አሰሪዬ ሰብኮንትራክተር ነው፣ ዩኒየን የለውም። ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስስብና ፓነል ሳገናኝ እየዋልኩ የሚከፈለኝ ግን በሌበረር (በተራ የጉልበት ሰራተኛ) ሂሳብ ነው። ሰሞኑን የኤሌክትሪሻኖች ዩኒየን ሰው በር ላይ ጠብቆ "ፔይሮላችሁን ከመንግሥት ጠይቀን እናየዋለን" አለን። እውነት ይችላሉ? ስሜና አድራሻዬስ አብሮ ይወጣል? ያለኝ ወርክ ፐርሚት ብቻ ስለሆነ ነገር እንዳይመጣብኝ ፈርቻለሁ።

የቢሮዋ ልጅ፦
ይችላሉ፣ ሙሉውን ግን አይደለም። የኮንትራክተር ፔይሮል እሰራለሁ። ከ2,000 ዶላር በላይ የሆነ የፌዴራል ግንባታ፣ ሰራተኛ በሚሰራው ሙያ ተመን እንዲከፈለው በሚያዘው በ1931 በወጣው የዴቪስ ቤከን ሕግ ስር ነው። ኮንትራክተሩ በየሳምንቱ ማን፣ በምን ሙያ፣ ስንት ሰዓት ሰርቶ ስንት እንደተከፈለው ጽፎ፣ እውነት ነው ብሎ ፈርሞ ያስገባል፤ ውሸት ከሆነ በወንጀል ያስጠይቃል። ወረቀቱ አንዴ መንግሥት እጅ ከገባ ማንም በመረጃ ነጻነት ሕጉ መጠየቅ ይችላል፣ ስሞቹ ግን ተሰርዘው ነው የሚሰጠው። በ1994 አንድ የሀዋይ የቀለም ቀቢዎች ፈንድ ስምና አድራሻ ካልተሰጠን ብሎ ተከራክሮ፣ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ከለከለው። የቤት አድራሻህና ሙሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህማ አሁን ሳምንታዊው ወረቀት ላይ ጭራሽ አይጻፉም።

አቤል፦
ስም ከሌለበት ምን ሊያደርጉበት ነው ታዲያ 😅

ጆርኒማን፦
እንዴት አይጠቅምም? ሳይቱ ላይ ሃያ ሰው ሽቦ ሲስብ እየታየ ወረቀቱ "ሁለት ኤሌክትሪሻን፣ አስራ ስምንት ሌበረር" ካለ ስም ምን ያደርግልሃል። ዩኒየኑ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እንዲህ የሰራተኛ ደሞዝ እየበላ ጨረታ በርካሽ የሚያሸንፍ ሰው የእኛንም ስራ ነው የሚወስደው፣ ለአንተ ብቻ አዝነው እንዳይመስልህ።

ሽቦው ወንድሜ፣ አንተ ግን እነሱን አትጠብቅ። የደሞዝ ተመኑ ሳይቱ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ግዴታ ነው። ኤሌክትሪሻን የሚለውን መስመር ከቼክህ ጋር አስተያየው። ጎኑ ያለውን የቤኔፊት ቁጥርም አትዝለለው፣ ኢንሹራንስና ጡረታ ካልገቡልህ በካሽ ሊሰጡህ ይገባል። የሰራኸውን ስራና ሰዓቱን በየቀኑ ጻፍ። ከዚያ የሌበር ዲፓርትመንቱ ዌጅ ኤንድ አወር (የደሞዝና የስራ ሰዓት ክፍል) ጋ ደውል። ማን እንደከሰሰ አይናገሩም፣ የኢሚግሬሽን ወረቀትም አይጠይቁህም።

ሽቦው፦
አመሰግናለሁ። አለቃዬ ግን "አንተ አፕሬንቲስ (ሙያ ተለማማጅ) ነህ፣ ለዛ ነው" ይለኛል።

የቢሮዋ ልጅ፦
የተመዘገበ ፕሮግራም ውስጥ ነህ? ካልሆንክ አፕሬንቲስ ብሎ ሊከፍልህ አይችልም። የምዝገባ ወረቀቱን አሳየኝ በለው።