ጓንግዙ ከገበያዋ ባሻገር ምን ዓይነት ከተማ ናት?

ጥያቄ፦
በመጪው ሚያዝያ ለንግድ ወደ ጓንግዙ እሄዳለሁ። የምሰማው ሁሉ ስለ ዕቃ ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ አስተዳደሯ፣ ስለ ኢኮኖሚዋና ስለ ሕዝቧ ባህል የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ጓንግዙ በደቡብ ቻይና የምትገኝ የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ18 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት። ከንቲባ ቢኖራትም ከእርሱ በላይ ሥልጣን ያለው የኮሚኒስት ፓርቲው የከተማዋ ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ንግዷ ግን ከዚህ ሥርዓት እጅግ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. ከ1757 እስከ 1842 ድረስ የምዕራባውያን መርከቦች የቻይናን ሻይና ሐር የሚጭኑት በመሠረቱ ከዚህችው ወደብ ነበር።

መልስ 2፦
ባህሉን ማየት ከፈለጉ ጠዋት ወደ ሻይ ቤት ይግቡ። ሽማግሌዎች ጋዜጣቸውን ዘርግተው፣ በቀርከሃ እንፋሎት ማብሰያ የቀረበ የሽሪምፕ ጥቅልል እየቀመሱ ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። አጠገብዎ ያለው ሰው ሻይ ሲቀዳልዎ በጣቶችዎ ጠረጴዛውን መታ መታ ቢያደርጉ ምስጋና ነው። እርስ በርስ የሚያወሩት በአካባቢው ቋንቋ በካንቶንኛ ስለሆነ፣ የአገሪቱን መደበኛ ቋንቋ ማንደሪንን የተማረ ሰው እንኳ ጨዋታቸውን ላይከተል ይችላል (እኔም አልተከተልኩም)።

መልስ 3፦
ለንግድዎ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የሚካሄደው የካንቶን (የጓንግዙ የቀድሞ የምዕራባውያን መጠሪያ) የንግድ ትርዒት እዚያው ከተማ በሚያዝያና በጥቅምት የሚከፈት ሲሆን፣ በሦስት ዙር ተከፍሎ ኤሌክትሮኒክስና ማሽን በመጀመሪያው፣ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ በመጨረሻው ስለሚቀርብ፣ ቲኬትዎን ከመቁረጥዎ በፊት ዙሩን ያረጋግጡ።